በወንድሜ ላይ የተሞከረው ጥይት

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሽጉጥ አያምርበትም ነበር። ወፍራም ስለሆነ ቀበቶው ከሆዱ ሥር ይገባና ሽጉጡ ጭኑ ላይ ይንጠለጠላል። ከአንድ የመሬት ከበርቴ ቤት በፍተሻ ያገኘው፣ ሆዱ የሚሽከረከር የድሮ ስድስት ጎራሽ ነው። ደንቡ ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ማስረከብ ነበር፤ እሱ ግን ደበቀና የራሱ አደረገው። ጥይቱን ደግሞ በየስብሰባው መዝጊያ ወደ ሰማይ እያንጣጣ ጨረሰው። ለእንዲህ ያለ አሮጌ ሽጉጥ የሚሆን ጥይት በመንግሥት መጋዘን የለም። ቢኖርስ በየትኛው አፉ ይጠይቃል?

ስለዚህ ወደ እኔ መጣ። ያን ጊዜ ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ አንዲት የብረት መቅረጫ ቶርኖ ያላት ጠባብ ቤት ነበረችኝ። የወፍጮ ዘንግ አቃናለሁ፣ የተበላ ቡሎን እቀይራለሁ፣ ከሰው ጋር ብዙም አልስማማም። ሊቀመንበሩ የተተኮሱትን ባዶ ቀለሆች በላስቲክ ቋጥሮ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፋቸው።

"እነዚህን መልሰህ ትሞላቸዋለህ" አለኝ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ የወፍጮ ዕቃ ነው የምሠራው። ጥይት ሠርቼ አላውቅም።"

"ወንድምህም የቆሰለ አናርኪስት አክሞ አያውቅም። እንደዚያ ነው የሚለው።"

ታናሽ ወንድሜ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። በር ዘግቶ የቆሰለ ልጅ አክሟል ተብሎ ከታሰረ ወር አልፎታል። አክሞ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም፤ ጠይቄውም አላውቅም። እናታችን ምግብ ይዛ ትሄዳለች፣ የቆሸሸ ሸሚዙን ይዛ ትመለሳለች፣ ስታጥበው ውሃው ይቀላል። በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን ልጅ ደረቱ ላይ ካርቶን ተለጥፎበት አዲሱ ገበያ መታጠፊያ ላይ ተጥሎ ነበር። እናቱ እንዳታለቅስ ደጇ ላይ ጠባቂ ቆመባት። እናቴ ያንን ካየች ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበራትም።

ሊቀመንበሩ ነገሩን ሳያድበሰብስ ነገረኝ። ጥይቱ ሲሞከር ከሠራ ወንድሜን ይዤ እሄዳለሁ። አሻጥር ከተገኘበት እዚያው እቀብረዋለሁ።

ባሩዱን ከየት እንዳመጣሁና እንዴት እንደሞላሁ አልዘረዝርም። ያ እውቀት የሚጠቅመው ሰው ደግ ሰው አይሆንም። ሃያ ዓመት ብረት የያዘ እጄን ግን ያን ሰሞን አላመንኩትም። የአንዳንዱን ባሩድ ሁለቴ መዘንኩ፣ አንዳንዱን መዘንኩ ብዬ አለፍኩት።

ሙከራው እሁድ ጠዋት ሆነ። ከጉለሌ በላይ፣ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ባሕር ዛፉ መሀል የተተወ የድንጋይ ካባ አለ። አብዮት ጥበቃዎች ተኩስ የሚለማመዱት እዚያ ነው። ድንጋይ የተፈለጠበት ገደል በጥይት ተበሳስቷል። ከሰው ቤት የተነቀለ በር ገደሉን አስደግፈው አቁመውታል፤ ዒላማው እሱ ነው። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች አንደኛው ጠባቂ "ሂዱ! ዞር በሉ ከዚህ!" እያለ አባረራቸው። ጠባቂዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ጠመንጃ ይዘዋል። በመሀላቸው ወንድሜ እጁ የፊጥኝ ታስሮ ቆሟል። እግሩ አብጦ ጫማ አልገባለትም፣ ያን ሁሉ ዳገት በባዶ እግሩ አውጥተውታል። አየኝና ፈገግ አለ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው፤ እንደሱ አንጀቴን ያራሰውም የቆረጠውም ነገር የለም።

የመጀመሪያው ጥይት ጮኸ፣ ከበሩ ላይ ስንጥር ዘለለ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ሊቀመንበሩ እንደ ልጅ ሳቀ። ስድስቱን ጨርሶ እንደገና አጎረሰ፣ መታ፣ "ይሄማ ከፋብሪካው ይበልጣል!" አለ። ወንድሜን ለመፍታት ወደ ገመዱ እያየሁ ነበር።

ከዚያ ቃታውን ሳበ፤ የተሰማው ግን የቢራ ቆርኪ ሲከፈት ከሚሰማው እምብዛም አይበልጥም። ከአፈሙዙ ቀጭን ጢስ ወጣ። በሩ ላይ አዲስ ቀዳዳ የለም። ወዲያው ገባኝ፤ ከነዚያ መዘንኩ ብዬ ካለፍኳቸው አንዷ ናት። ባሩዷ አንሶ አረሩ መሀል መንገድ ላይ ቀርቷል፣ አረሩ የሚያልፍበት በርሜል ተደፍኗል። ከኋላው ሌላ ጥይት ቢከተል ሽጉጡ በተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ሊቀመንበሩ ያየው ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ዘመን የተሰበረ ማረሻ፣ የዘገየ አውቶቡስ፣ ያረረ ወጥ ሁሉ አሻጥር ነበር።

"አሻጥር!" ብሎ ጮኸ። "ሊያስገድለኝ! በጠላት ፊት ከሽፎ ሊያስገድለኝ!" በሽጉጡ ሰደፍ ግንባሬን መታኝ፣ ወደቅሁ። ደሜ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ወንድሜን ጎትተው ፊቱን ወደ ገደሉ አዙረው አንበረከኩት። ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ገለባብጦ አየውና ወደ አንደኛው ጠባቂ ዞረ።

"አንተ ጨርሰው" አለው። ጠባቂው ጠመንጃውን አቀባበለ።

ተደፍኗል ብዬ ብናገር፣ ማን ደፈነው ይለኛል። ብለምነው ጠመንጃው ይጮሃል። የጠመንጃው ጥይት ደግሞ እኔ የሠራሁት አይደለም፣ አይከሽፍም። ሌላ መንገድ አላየሁም። ከወደቅሁበት ተነሳሁና በሕይወቴ ጮኼ በማላውቀው ድምፅ ጮህኩ።

"ጥይቴ ደህና ነው! ያበላሸኸው አንተ ነህ፣ መያዝ አታውቅም! ወንድ ከሆንክ ለሰው አትስጥ፣ ራስህ ተኩስ! ካላመንክ በሱ ላይ ሞክረው!"

አንቱታውም ጓድነቱም ጠፍቶ ነበር። ሊቀመንበሩ አፉን ከፍቶ አየኝ። ጠባቂዎቹም አዩኝ። ወንድሜ አንገቱን ወደ ኋላ ሊያዞር ሞከረ፣ አልቻለም።

"ሞክረው!" አልኩ ደግሜ። "ምን ትፈራለህ?"

ፊቱ በርበሬ መሰለ። ጠባቂውን በክርኑ ገፋውና ሽጉጡን ወደ ወንድሜ ማጅራት አነጣጠረ። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ብጨፍን ይሻለኝ ነበር።

ድምፁ እንደ ሌሎቹ አልነበረም፤ የሚቀደድ ብረት ድምፅ ነው። ጢሱ ሲገለጥ ሊቀመንበሩ በጉልበቱ ተንበርክኮ እጁን ያያል። አውራ ጣቱ የለም። ከመዳፉ ላይ ነጭ አጥንት ወጥቷል፣ ጉንጩ ተሰንጥቆ ጥርሱ ይታያል፣ ደሙ በክንዱ ላይ እየተንዠቀዠቀ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ነው መጮህ የጀመረው። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፣ ምን አደርጋለሁ?

ወንድሜ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። የሞተ መስሎኝ ሮጥኩ፤ አልሞተም። ሱሪው ረጥቧል። አንገቱን ቀና አድርጎ ሊቀመንበሩን አየ፣ እኔን ዘሎኝ።

"ፍቱኝ" አለ። "ደሙ ካልቆመ ይሞታል።"

ጠባቂው የታሰረበትን ገመድ በሳንጃ ቆረጠለት። ወንድሜ በዚያው ገመድ ክንዱን ጠፍሮ አሰረ፣ ሸሚዙን ቀዶ መዳፉን ጠቀለለ፣ ሊገድለው የነበረውን ሰው "አይዞህ፣ ወደ ላይ ያዘው" ይለው ጀመር። ሌላኛው ጠባቂ ጠመንጃውን እኔ ላይ ደግኖ ቆሟል።

"ተወው" አለው ጓደኛው። "ይሄ ሽጉጥ ከየት መጣ ብሎ ከፍተኛው ቢጠይቅ ሁላችንም አለቀልን።" የሽጉጡን ስብርባሪ ባሕር ዛፉ ውስጥ ወረወረና ወደ እኛ ዞረ። "የቆየ ድማሚት ነው የፈነዳበት። እናንተ እዚህ አልነበራችሁም። ሂዱ፣ ጥፉ!"

ሊቀመንበሩን ተሸክመው ወረዱ። እኛ በሌላኛው በኩል በባሕር ዛፉ መሀል ወረድን። ልደግፈው ክንዴን ሰጠሁት፣ ቀስ አድርጎ ገፋኝ። ወንዙ ጋ ስንደርስ እጁን ለመታጠብ ተቀመጠ። ያኔ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ አረሩ፣ ስለ በርሜሉ፣ ስለ ጠመንጃው። እጁን እያጠበ ሰማኝ።

"እርግጠኛ ነበርክ?" አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ብረት ላይ ግን ዋሽቼ አላውቅም። "አልነበርኩም" አልኩት። "አንዳንዴ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ገፍቶት ይወጣል።"

"እና ቢወጣ?"

ከጥፍሩ ሥር የሊቀመንበሩን ደም እየፋቀ ቆየ።

"ለእማዬ፣ እርግጠኛ ነበርኩ በላት" አለኝ።

እንደዚያው አልኳት። እናቴ እጄን ይዛ አገላብጣ ሳመችው፣ የቶርኖ ቅባት እድፉንም ሳይቀር። ወንድሜ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

አልጸጸትም። ነገ ያ ቀን ቢመለስ ያንኑ እጮሃለሁ። ነገር ግን ይህን ለእሱ ማስረዳት አልቻልኩም፣ በዚህም እናደድበታለሁ። በሕይወት መኖሩ አይበቃውም? ይበቃዋል፤ ግን ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ፣ እጁ ታስሮ፣ የሰማው የመጨረሻ ቃል የእኔ ነበር።

ሊቀመንበሩ የሽጉጡ ነገር እንዳይነሳበት የወንድሜን መዝገብ ስላዘጋ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ብዙ ሳይቆይ ዝውውር ጠይቆ ሩቅ አገር ጤና ጣቢያ ገባ። ለእናቴ ደብዳቤ ይጽፍላታል። ማንበብ ስለማትችል የማነብላት እኔ ነኝ፤ እሱም ያውቃል። ስለ ወባው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስላዋለዳት ሴት ይጽፋል። ስለ እኔ አንድም ቃል የለም። እኔ ግን መጨረሻው ላይ ስደርስ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳልነቅል "ለወንድሜም ሰላምታ አቅርቢልኝ" ብዬ እጨምርበታለሁ።

"ሰላም ብሎሃል" ትለኛለች።

"እግዜር ይስጠው" እላታለሁ።