እሾህ ያልተጣለበት በር

አዘዞ ውስጥ፣ ከቤቴ ጓሮ ሁለት ላም አረባለሁ። ሥራዬ ነርስነት ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ እጁን ሳይታጠብ በሽተኛ ሊነካ የሚጠጋ ሰው ካየሁ ሐኪምም ቢሆን አልምርም። ይህን የማነሣው እንድመሰገንበት አይደለም። በገዛ በረቴ የሠራሁትን ሞኝነት ስለማውቅ ነው።

ከአጥሬ ወዲያ የሚኖሩት ሽማግሌ አራት ላም አላቸው። አባቴ ካረፈ ወዲህ አያ እያልኩ የተጠጋሁት እሳቸውን ነው፤ የላም ነገርም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ዓመት አፍተግር፣ ያ የከብቱን አፍና ሰኮና የሚያቆስለው በሽታ፣ ሰፈሩን ካመሰው በኋላ ሁለታችን ሕግ አወጣን። በየበራችን ሥር በረኪና የጠጣ ኬሻ ይነጠፋል፤ እሱን ሳይረግጥ የሚገባ የለም። በሽታ የገባበት ደግሞ በሩ ላይ የቀጋ እሾህ ይጥላል፤ ሰፈሩም ስለሚያውቀው እሾህ ያየ ሰው አይገባም፣ ወተትም አይገዛም። የእሾሁን ሐሳብ ያመጡት እሳቸው ናቸው። «ከአንቺ ብደብቅ አፈር ያድርገኝ» ያሉኝም እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ክረምት መውጫ ትልቋ ላሜ ወለደች። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ሴት ጥጃ። ሦስት ወንድ በተከታታይ ከመጡ በኋላ የተገኘች ስለሆነች፣ የበረቴ ተስፋ ሁሉ እሷ ላይ ነበር። በማግስቱ ጠዋት አያ መጡ። ኬሻውን ደጋግመው ረገጡት፤ አሁን ሳስበው እኔ እንዳየው ነበር። «እንቦሳ እሰሪ ልጄ፤ ሸጋ ጥጃ ናት» ብለው መረቁኝና፣ መጥባት እንድትለምድ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን አፏ ውስጥ ከተቱ። እጃቸው ሎሚ ሎሚ ሸተተኝ። «እጅዎን ይታጠቡ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እየመረቀ ያለን ሽማግሌ እንዴት ታጠብ ይባላል? ዋጥኩት። ለእግር ሕግ አውጥተናል፤ ለእጅ አላወጣንም።

በዘጠነኛው ቀን ጥጃዋ ቆማ እየጠባች ሳለ ወደቀች፤ በዚያው ቀረች። እናቲቱም ለሃጯ ይዝረበረብ ጀመር። የጠራሁት የእንስሳት ሐኪም የላሟን አፍ ከፍቶ አየና «አፍተግር ነው። ጎረቤትሽ አልነገሩሽም እንዴ?» አለኝ። ጥጃዋ ከመወለዷ ሦስት ቀን በፊት አያ ጠርተውት ኖሯል። ሲደርስ የላሞቻቸውን አፍ በሎሚና በጨው እያሹ አገኛቸው። እሾሁን ዛሬውኑ እጥላለሁ ብለው ቃል ገብተውለት ነበር።

አጥሩ ጋ ሄጄ ጠራኋቸው።

«አያ፣ ምነው ሳይነግሩኝ ቀሩ?»

«ገዥ ይሸሸኛል ብዬ ነው» አሉ። «ኬሻውንማ ረግጫለሁ፤ አይተሻል።»

ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም። በአባቴ ቦታ ያስቀመጥኳቸው ሰው ናቸውና ለሰፈሩም አላወጣሁባቸውም። ጉድጓድ አስቆፍሬ ጥጃዋን ኖራ አልብሼ ቀበርኳት። ከዚያ የቀጋ እሾህ ቆርጬ በሬ ላይ ጣልኩ። ሰፈሩ ሁሉ አየው። በሽታው ከእኔ በረት ተነሣ ተባለ፤ ሌላ በር ላይ እሾህ የለማ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሁልጊዜ ወተት የምትወስድልኝ ሴትዮ ጀሪካኗን ይዛ እሾሁ ፊት ቆማ ስታመነታ አያ መጡ። «እግዜር ያጥናሽ» አሉኝ፣ ከውጭ ሆነው። ይግቡ አላልኳቸውም። እሳቸው ግን ሴትዮዋ እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አልገባም ልጄ፤ እሾህ አለ። ሕጋችን ነው» አሉ።

ከዚያ ሴትዮዋን አስከትለው እሾህ ወደሌለበት ወደ ራሳቸው በር ሄዱ።