«በአንቺ በኩል ሰላም ነው?»

ከሁለት ወር በፊት ያረፉት አጎቴ ከሊሙ ገነት ቡና ጭነው ከአዳማ ወዲያ ይመላለሱ ነበር። «አገራችን ጅማ ባቡር ስለሌለ ሹፌሮቻችን ሐዲድን ይንቃሉ» ይሉ ነበር። እሳቸው ሐዲድ ሳያቋርጡ መኪናውን ያቆማሉ፤ ግራውን ራሳቸው አይተው፣ ቀኙን ጋቢና አብሯቸው የተቀመጠውን ይጠይቃሉ።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ተጠያቂዋ እኔ ነበርኩ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ በአንቺ በኩል ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው፣ አባባ» አልኩ፣ ዓይኔን ከመጽሐፌ ሳላነሳ።

«ምን አየሽ?»

ቀና ብዬ እሳቸውን አየሁ። ሞተሩን አጥፍተው ወረዱና በእኔ በኩል ዞረው ቆሙ። ወዲያው ባቡሩ ከቁጥቋጦው ጀርባ ብቅ ብሎ በፊታችን አለፈ። ተመልሰው ተቀመጡ።

«ያላየሽውን አትመስክሪ» አሉኝ። «ቢስሚላህ» ብለው ማርሽ አስገቡ። ነገሩን ለእናቴ አልነገሩብኝም። በሚቀጥለው ሐዲድም ቀኙን የጠየቁት እኔኑ ነው።

ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ወደ አዳማ ስነዳ ከአንድ ሐዲድ ፊት ቆምኩ። ግራውን አየሁ፤ ቀኙንም አየሁ። ሰላም ነበር። ሆኖም ከኋላዬ ያሉት ጥሩንባ እስኪነፉ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም። ለካስ አጎቴ እስኪጠይቁኝ እየጠበቅሁ ኖሯል።