የቀለም ቀቢው ቪዛና የበረኛው ጥርስ

ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። መኪና ቀለም ቀቢ ነው፤ ቱታው ላይ ያልተረጨ የቀለም ዓይነት ስለሌለ ሁሉም ቀስተ ደመና ይሉታል። ሚስቱ ነርስ ናት። ውጭ አገር ሥራ አግኝታ ስትሄድ ገና የምትድኸውን ልጃቸውን ይዛ ሄደች፤ ልጅቷም እዚያው አፏን ፈታች። ቤተሰቧን እንድታስመጣ እንደተፈቀደላት ደውላ የነገረችው ቀን፣ ቀስተ ደመና የቀለም መርጫውን እንደያዘ ዘለለና የአለቃውን ነጭ ሸሚዝ ቀይ አደረገው። አለቃው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ወሬውን ሲሰማ ግን አቀፈው፤ የሸሚዙ ሌላው ጎንም ቀላ።

ደስታው ማመልከቻው ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። በሕይወትዎ በወንጀል ተፈርዶብዎት ያውቃል ወይ ይላል። ተፈርዶበታል። በጉርምስናው፣ በሰፈር ኳስ ጨዋታ፣ በአንዲት ፍጹም ቅጣት ምት ተጨቃጭቆ የሌላውን ቡድን በረኛ በቡጢ መትቶ የፊት ጥርሱን አውልቆበታል። ተከሶ፣ ተፈርዶበት፣ ታስሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን እንኳ ከፍ አድርጎ አያውቅም።

ወሬው የደረሰው አንድ ደላላ ከች አለ። ከወንጀል ነጻ የሚል ወረቀት አሠራልሃለሁ፣ ማን ያውቅብሃል አለው። ቀስተ ደመና ልቡ ሸፈተ። ያዳነችው ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቱ ናት። ከደንበኞቿ አንዷ ጠበቃ ነበረች፤ ወንድሟን እጁን ይዛ እንደ ሕፃን እየጎተተች ወሰደችው።

ጠበቃዋ ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ እንዲህ አለችው፦ "ጥፋቱ ያዘገይዎት ይሆናል። ውሸቱ ግን ከተያዘ በሩን ይዘጋብዎታል፤ ለባለቤትዎም ጣጣ ያመጣል።"

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችው። ጥፋት ሁሉ በአንድ ዓይን አይታይም። አደንዛዥ ዕፅ ማዘዋወር ወይም ሰው መግደል ሌላ ነው፤ የአፍላ ዕድሜ ጠብ ግን ቅጣቱ ካለቀ ዓመታት ካለፉና ሰውየው ከታረመ ሊታለፍ ይችላል። የፍርዱን ግልባጭ ያወጣል፤ ከመዝገብ እንዲሰረዝለትም ያመለክታል። ቢሰረዝም እንኳ ጥያቄው ተፈርዶብዎት ያውቃል ስለሚል መልሱ አዎ ነው። ቢከለክሉት ደግሞ ይግባኝ ማለት፣ ወይም ቤተሰብ እንዳይለያይ ተብሎ የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። ቀስተ ደመና ከዚህ ሁሉ ይዞ የወጣው አንድ ቃል ነው፦ ይቻላል። ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

ለስረዛው የተበዳዩ ምስክርነት እንደሚጠቅም ጠበቃዋ ነግራው ነበር። በረኛው ዛሬ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ቀስተ ደመና በዚያ ዳቦ ቤት ደጅ ላለማለፍ ስንት ዘመን መንገድ ሲቀይር ኖሯል። በማግስቱ ገባ። ሰውየው ዱቄት በዱቄት ሆኖ ከምድጃው ዳቦ ያወጣል። ቀስተ ደመና እየተንተባተበ የመጣበትን ነገረው። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን አውጥቶ ጨረሰና ስለ ልጅቷ ጠየቀው።

"ስትድህ ነው የሄደችው፤ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች" አለ ቀስተ ደመና።

"በል ቀኑን ንገረኝ፣ እመጣለሁ። ግን ያቺ ኳስ ፍጹም ቅጣት ምት አልነበረችም።"

"አልነበረችም" አለ ቀስተ ደመና። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አመነ። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ፍርድ ቤት ዳኛው ዳቦ ጋጋሪውን ይቅር ብለኸዋል ወይ ብለው ጠየቁት። "ክቡር ዳኛ፣ እኔ ከተውኩት ቆይቷል። ያልተወው እሱ ነው" አለ። ፍርዱ ከመዝገብ ተሰረዘ። እህትየው ሊያመልጣት የነበረውን እልልታ በመዳፏ አፈነችው።

ከዚያ ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ ቀረበ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ሠራተኛ ተፈርዶብዎት ያውቃል የሚለውን ገና ሳትጨርሰው "አዎ" አለ። ቡጢውን፣ እስሩን፣ ስረዛውን ሳያስቀር ነገራትና ሰነዶቹን በመስታወቱ ሥር አሾለከላት። አገላብጣ አየችና፣ ጉዳዩ ተጨማሪ ማጣራት ስላለበት እንደሚዘገይ ነገረችው።

ዘገየም። ሲጠብቅ በቆየባቸው ወራት ሐሳቡ እየበረረ፣ ግራጫ ቀለም የታዘዘለትን ሚኒባስ አረንጓዴ አድርጎት አረፈ፤ የሚኒባሱ ባለቤት ግን ወደደው።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት ስልኩ ጮኸ፤ ጠበቃዋ ነበረች። ቪዛው ተፈቅዷል። ቀስተ ደመና ከመኪናው ሥር ወጣ፤ ጓደኞቹ ወሬውን ከፊቱ አንብበው ተሸክመውት ጋራዡን ዞሩ። ከትከሻቸው ሳይወርድ ለሚስቱ ደወለ። ስታለቅስ ይሰማዋል። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና "ወፍራም ጃኬት አለህ?" አለችው።

አልነበረውም። ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ ወደ እህቱ ሱቅ ሮጠ፤ እሷም የጀመረችውን ቀሚስ ማሽኑ ላይ ጥላ ተነሣች። ወንድምና እህት እየተገፋፉ፣ እየሳቁ፣ ጃኬት ፍለጋ ገበያውን አካለሉት።