ለግምገማው የጸዳው ቤተ ሙከራ

በዚያ ዘመን የማይገመገም ነገር አልነበረም። ቀበሌው ይገመገማል፣ መምህሩ ይገመገማል፤ አንድ ለአምስት ተደራጅተን እርስ በርስ ስንቦጫጨቅ እንውላለን። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ተራው የቤተ ሙከራዎቻችን ሆነና የሳይንስና የምህንድስና ምርምር አቅማችንን የሚመዝኑ ሰዎች ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው ተባለ።

የምን አቅም! መብራቱ በየሰዓቱ ይጠፋል። ማይክሮስኮፖቹ እንዳይሰበሩ ተብሎ ከነካርቶናቸው ተቆልፎባቸዋል፤ ላም አለኝ በሰማይ። ከሁላችንም የምር ምርምር የምትሠራው አንዲት የሥነ ሕይወት መምህርት ብቻ ነበረች። ቢጠና በምትባል ከተማ አካባቢ አጠውልግ የሚሉት በሽታ የሰውን እንሰት ሲጨርስ፣ በአንድ ሽማግሌ ጓሮ ጥቂት እግር ሳይነካ ተርፎ ነበር። ሽማግሌው ከዚያ ችግኝ አፍልተው ሰጧት። እሷም በተቆረጠ ጀሪካን ተክላ፣ በሽታውን እያስያዘች የትኛው እንደሚቋቋም ትከታተላለች። ክፍሉ በበሰበሰ እንሰት ይሸታል፤ እኛም እናሾፍባት ነበር።

እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፤ ወጋችን ነው። ዲናችንም ጠረገ። እሷ ክፍል ገብታ ስታስተምር ጀሪካኖቹን በሙሉ አስወጥቶ ችግኙን ከግቢው ጀርባ ከቆሻሻ ጋር አስቃጠለ። ግድግዳውን ቀለም አስቀባ፣ ማይክሮስኮፖቹን አስወልውሎ አስደረደረ። ስትመለስ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። እኔ ለምን አቃጠልክባት ብዬ ዲኑን ተጋፈጥኩት። ዲኑ ደግሞ እንግዳ በግማት ልቀበል ወይ ብሎ መልሶ ተቆጣኝ። ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ይባል የለ?

ገምጋሚዎቹ መጡ፣ ንጽሕናውን አደነቁ። በዚህ ክፍል ምን እየተመራመራችሁ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ምርምሩን አቃጥለን በምርምር አቅም ተመሰገንን፤ ማታም ጥብስ በላን። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ችግኙ መቃጠሉን ለሽማግሌው ልትነግራቸው ስትሄድ ብቻዋን መላክ አልሆነልኝምና አብሬያት ሄድኩ። ጓሯቸው ባዶ ነበር። በሽታው ዞሮ የእሳቸውንም ጨርሶታል። የመጣንበትን ገና ሳንነግራቸው ልናጽናናቸው ስንጠጋ፣ እሳቸው አግዳሚ ወንበር አውጥተው አስቀመጡንና እሷን በወላይትኛ አጽናኗት።

«አይዞሽ ልጄ፣ እኔ ምን ቸገረኝ» አሏት። «ዘሩ አንቺ ጋ አለ።»