ወደ ቀኝ ያዘነበለው ድምፅ

ስፒከሮቹንና ትልቁን አምፕሊፋየር የገዛሁት ቦሌ ውስጥ ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ሰው ነው። ፕሪአምፑን ግን አስቀድሞ ለጓደኛው ሰጥቶት ቆየኝ። ፕሪአምፕ ከማጫወቻው ድምፅ ተቀብሎ፣ አስተካክሎ፣ ለትልቁ አምፕሊፋየር የሚያቀብል ሳጥን ነው። ደላላ በሉት፤ መሃል ይቀመጣል፣ ያለሱ ግን ምንም አይንቀሳቀስም።

እኔ ጀነሬተር ነጋዴ ነኝ። ጎሮ ቤት ሠርቼ ስገባ ለራሴ የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳሎኔ ቁጭ ብዬ ጥሩ ሙዚቃ መስማት። ሞተር ሲያጓራበት የዋለ ሰው ሌላ ምን ይመኛል?

የመጀመሪያው ፕሪአምፕ ድምፁን ወደ ቀኝ አዘነበለብኝ። መለስኩት። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን የሸጠችልኝ ኢምፔሪያል ጋ ሱቅ ያላት ሴት ደግሞ አስከፍታ ሰማችውና፣ “ወንድሜ፣ ይሄ ዕቃ ምንም የለውም” አለች።

“እህቴ፣ እኔም ጀነሬተር ስሸጥ እንደዚሁ ነው የምለው” ብያት ገንዘቤን ተቀበልኩ። የዚያን ዕለት ከእኔ በላይ ብልጥ አልነበረም።

ባለቤቴም “ለእኔ መሃል ላይ ነው የሚሰማኝ” ብላኝ ነበር። “አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ” አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ስልክ በግራ ጆሮዬ ማንሳት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ግን ዕቃ ተበላሸ ቢባል ይቀየራል፤ ሌላውን ማሰብ አልፈለግኩም።

በመጨረሻ ሳሊተ ምሕረት የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በሬዲዮ ጥገና የጨረሱ ሽማግሌ ሁለት ፕሪአምፕ ይዘው ቤቴ መጡ። አንዱ አዲስ፣ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ፤ ሌላው አሮጌ፣ ፊቱ ቁልፍ ብቻ። ዓይኔ አዲሱ ላይ አረፈ። አገናኙት።

“ጋሼ፣ ይሄም ያዘነብላል።”

የግራና የቀኙን ገመድ አቀያየሩ። ጥፋቱ የዕቃው ቢሆን ድምፁ ወደ ግራ ይዞር ነበር። አልዞረም። ትንሽ አዩኝና፣ “ወንበሩን አዙርና ጀርባህን ለስፒከሮቹ ሰጥተህ ተቀመጥ” አሉኝ።

“ጋሼ፣ ሙዚቃ ነው ወይስ ቅጣት?”

“ተቀመጥ እባክህ። አሁንስ ከየት ነው የሚሰማህ?”

“ከቀኝ።”

“አሁን በቀኝህ ያለው እኮ ቅድም በግራህ የነበረው ስፒከር ነው።”

ለካ ያዘነበልኩት እኔ ነበርኩ። እሳቸው ጆሮ የሚል ቃል አላነሱም። “ጀነሬተር ስታሳይ በየት በኩል ነው የምትቆመው?” ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ተነስቼ እንደ ሱቁ ቆምኩላቸው፤ ገዢው በቀኜ፣ ሞተሩ በግራዬ። ሞተሩ ሳይነሳ ማን ይገዛል? የገዢውን ዋጋ በደህና ለመስማት ስል ሌላውን ጆሮዬን ለሞተር ስሰጥ ኖሬያለሁ።

ባለቤቴ ከበሩ ላይ፣ “በግራህ ቁጭ ብዬ ሳወራህ ዝም የምትለኝ ለዚህ ነዋ!” አለች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “እኔኮ የናቅኸኝ መስሎኝ ነበር።”

በቀኜ በኩል ወንበር ሳብኩላት።

ሽማግሌው አዲሱን ቢያስታቅፉኝ ያለ ክርክር እገዛቸው ነበር፤ እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን የማደርገውንም አውቃለሁ። እሳቸው ግን ነቀሉትና አሮጌውን ሰኩ። “ይቺ ባላንስ ናት፤ ግራና ቀኙን ታመዛዝናለች። አዲሱ ላይ የለችም” ብለው ቁልፏን ቀስ እያሉ ወደ ግራ አዞሩ። “ዘፋኟ መሃል ስትደርስ ንገረኝ።”

ዘፋኟ ከጥግ ተነስታ መጣች፣ መጣች፣ ግድግዳው መሃል ቆመች። “እዚህ!” አልኩ።

“በል፣ ዝቅ አድርገህ ስማ። ነገ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሂድ።”

ሄድኩ። የግራው የተጎዳው አይመለስም፣ የቀረውን ጠብቅ ተባልኩ። አሁን ሱቅ ውስጥ የጆሮ መከላከያ አደርጋለሁ፤ ለገዢም አንድ አለኝ። የኢምፔሪያሏንም ሴት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። “ጀነሬተር ልግዛህ ብል ግን እኔ ራሴ ነኝ የምሰማው” አለችኝ። ልክ ናት።

እንግዳ ሲመጣ ድምፁ ወደ ግራ አዘነበለ ይላል። ስለዚህ ባለቤቴ ቁልፏን ወደ መሃል ትመልስለታለች። የእኔ ቦታ እንዳይጠፋባት ግን በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጋበታለች። ማታ በሩን ከፍቼ ስገባ መጀመሪያ የማየው ቁልፏን ነው። እስከ ዛሬ አንድም ቀን ከነጥቡ ላይ አጥቻት አላውቅም።