ፊርማው የለቀቀው ጫማ

አልጋነሽ ዲላ ገበያ ልባሽ ጫማ መሸጥ ከጀመረች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የተቀመጠችው መሬት ላይ፣ ጫማዎቿን ቢጫ ፕላስቲክ ላይ ደርድራ ነው። ሰማዩ ሲያጉረመርም ጠቅልላ ትሮጣለች፤ ሲያባራ ተመልሳ ትዘረጋለች። የዲላን ዝናብ ለሚያውቅ፣ ኑሮዋ መዘርጋትና መጠቅለል ነው ቢሉት ይበቃዋል።

ስለዚህ ባለሱቁ አብዱልአዚዝ አንድ ማለዳ ጠርቶ የነገራት ነገር ልቧን ሰቀለው።

"አልጌ፣ ሲራክ የሚባል ደንበኛዬ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ይመጣል። አሮጌ ኦል ስታር ጫማ ይሰበስባል፤ ኦርጅናሉን፣ የጥንቱን። ካገኘሽለት የሱቄ በረንዳ ያንቺ ነው።"

"ቆርቆሮው ሥር?"

"ቆርቆሮው ሥር። ወላሂ!"

ከዚያ ወዲያ የልባሽ ጫማ ቦንዳ በተፈታበት ሁሉ ተገኘች። ሐሙስ ዕለት ወናጎ ወርዳ፣ ከአንድ ቦንዳ ሥር ቆፍራ አወጣችው። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሰማያዊ ኮከብ አለ፤ ኮከቡ ላይ የእጅ ጽሑፍ የሚመስል ስም። ሸራው አድፏል፣ ጎማው ቢጫ ሆኗል፣ ተረከዙ ላይ ያለችው ምልክት ተልጣ ተንጠልጥላለች። ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፋው መጣች።

ከዚያ ያደረገችው ሁልጊዜ የምታደርገውን ነው። ለእንግዳ የቆሸሸ ነገር መስጠት ነውር ነው። ሸራውን በረኪና ውስጥ ዘፈዘፈችው፣ ጎማውን በጥርስ ሳሙና ፈተገችው። የተንጠለጠለችውን ምልክት ገንጥላ ጣለችና በቦታዋ ከብስክሌት ጎማ ቆርጣ ለጠፈች። ሲደርቅ በጠመኔ ቀባችው። በጠመኔ መቀባቱን የተማረችው ስድስተኛ ክፍል ሳለች፣ ለስፖርት ቀን ሸራ ጫማዋን ስታነጣ ነው። በዚያው ዓመት ትምህርቱን ትታ ቡና ለቀማ ገባች። ከትምህርት ቤት የቀራት ይኸው ሙያ ነው።

ቅዳሜ አብዱልአዚዝ ሱቅ ውስጥ ሲራክ ጫማውን ተቀብሎ አገላበጠው። ፊቱ ተቀየረ።

"ማዘር፣ ምን አረግሽው?"

"አጸዳሁልህ የኔ ልጅ። አዲስ አይመስልም?"

"እሱ ነዋ ችግሩ!"

አብዱልአዚዝ ራሱን ያዘ። "አንቺ ሴትዮ፣ አሮጌ አልኩሽ እኮ!"

"አሮጌ ነው እኮ ጋሼ። አጠብኩት እንጂ።"

ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ሲራክ ግን አልሳቀም። "ይሄ ጫማ አሜሪካን አገር ለቅርጫት ኳስ የተሠራ ነው፤ ዘሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል" አላት። "የጥንቱ የሚለየው አንቺ በገነጠልሽው ምልክት ነበር። ኮከቡ ላይ ደግሞ ፊርማ ነበረ።"

"የማን? የባለቤቱ?"

"የሻጩ። ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ኋላ ጫማውን መኪና ላይ ጭኖ በየከተማው እየዞረ ለፋብሪካው ሰዎች ሸጠላቸው። ስሙን ጫማው ላይ አተሙለት።"

"ሻጭ? እንደኔ ሻጭ?"

"እንዳንቺ ሻጭ።"

አልጋነሽ ኮከቡን አየችው። በረኪናው ሰማያዊውን ወስዶ ነጭ ጨርቅ ብቻ ትቷል። ገበያተኛው እሷን የሚያውቃት "ጫማዋ ሴትዮ" ብሎ ነው፤ ስሟን የጠየቃት ደንበኛ የለም። ከሻጭ ወገን አንድ ሰው ስሙ ቀርቶለት ነበር፤ እሱንም በገዛ እጇ አጥባ አጠፋችው።

"በረንዳው እንግዲህ..." ብላ ጀመረች።

"ቀበቶ ሻጩ ሙሐመድኑር ይቀመጥበታል" አለ አብዱልአዚዝ። "እሱ ቢያንስ ዕቃ አያጥብም።"

ጫማውን ይዛ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከሁሉም ነጭ እሱ ስለነበር ከፊት አስቀመጠችው። ከጨለለቅቱ የመጣ አንድ ቡና ነጋዴ ጎንበስ ብሎ አነሳው።

"አዲስ ነው?"

"አዲስ ነው" አለች። "ማንም አላደረገውም።"

ሰውዬው ገና እያገላበጠ ሳለ ሰማዩ አጉረመረመ። አልጋነሽ ከእጁ ተቀበለችውና ፕላስቲኩን መጠቅለል ጀመረች።