ያበበው ቀርከሃ

ከደዶ ወደ ጅማ በሚመጣው ሚኒባስ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ጥፍራቸው ሥር ቀይ ቀለም ደርቋል። ጭናቸው ላይ በጋዜጣ የጠቀለሉት የቀርከሃ ቅርንጫፍ አለ፤ ጫፉ ላይ ገለባ የመሰለ አበባ ተንጠልጥሏል። በየመሀሉ የፊታችንን ወንበር ብረት በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። እንደነገሩኝ፣ ለምርምር ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የቀርከሃን ዕድሜ በድምፁ እየለዩ፣ ግንዱ ላይ በቀለም ቁጥር እየጻፉ ቁመቱን በየወሩ ለክተዋል፤ ነገም ወደ ጫካው ይመለሳሉ።

ከኋላችን ያለች ሴት «አባባ፣ አብቦልዎታል፤ ደስ ይላል» አለቻቸው።

«ቀርከሃ የሚያብበው አንዴ ነው፣ ልጄ። ካበበ ይደርቃል። ጫካው ሙሉ አብቧል።»

«ዘሩን መልሰው አይዘሩትም?»

«ፈልፍዬ አየሁት። ባዶ ነው።»

እሳቸው ብረቱን ደግመው አንኳኩ።

ጅማ ገብተን ቦሳ አዲስ ሰፈር ስንደርስ «ወራጅ» ብለው ቅርንጫፉን እንደ ሕፃን አቀፉት።

«ታዲያ ነገ ምን ሊሠሩ ይሄዳሉ?» አልኳቸው።

«እለካለሁ።»

«የደረቀ አያድግም እኮ።»

«አውቃለሁ። የጣቢያው ቅጽ ላይ ግን ሞተ ብዬ የምጽፍበት ቦታ የለም። ያለፈውን ወር ቁመት እደግመዋለሁ።»